ሲና አልጋ የሆነችበት ሃሎዊን

ጤናዬ ዳውንታውን ዴንቨር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የተቀደደ አንሶላና ብርድ ልብስ ስትሰፋ ነው የምትውለው። ኦሮራ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ስለምንኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤቷ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማኛል። ጨዋታ የምታውቅ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛ ላይ ግን ታፍራለች። የልጇ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ሁልጊዜ የምትልከው ባሏን ፍቅረየሱስን ነበር።

በፈረንጆቹ 2006 ጥቅምት ላይ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሲና የሃሎዊን ኮስትዩም ፈለገች። ትምህርት ቤቷ ልጆቹ የመረጡትን ለብሰው፣ ከረሜላ እየለመኑ ግቢውን የሚዞሩበት ቀን ነበረው። ይህን በጠየቀችበት ምሽት እኔም እነሱ ቤት እራት ተጋብዤ ነበር። ፍቅረየሱስ የቤተክርስቲያን መዘምራን መሪ ነውና ነገሩን ገና ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አጽም የለም፣ ጠንቋይ የለም፣ የሞተ ሰው የለም!»

«እሺ መልአክ ልሁን?» አለች ሲና።

«መልአክ ከረሜላ ሲለምን የት አየሽ?»

«ፕሪንሰስስ?»

እዚህ ላይ ጤናዬ ገባችበት። «በዚያ እጅጌ በሌለው ቀሚስ? በረዶ ይጥላል ተብሏል። ከላይ ጃኬት ስትደርቢበት ማን ያየዋል?»

ድመት እንዳትሆን ከክፍሏ ተማሪዎች አምስቱ ድመት ሊሆኑ ነው። ዱባን አባቷ የበዓሉ ዋና ምልክት ነው ብሎ ከለከለ። በመጨረሻ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ «አይ ጀስት ዋንት ቱ ጎ ቱ ቤድ!»፣ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ጤናዬ «ቤድ» የሚለውን ቃል አሳምራ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነው። «አልጋ ብትሆኚስ?» አለቻት።

ሲና ቀና አለች። ፍቅረየሱስ አፉን ከፈተ።

«አልጋ ምን ኃጢአት አለበት?» አለችው ሚስቱ።

አሰበ፣ አሰበና ወደ እራቱ ተመለሰ።

ጤናዬ አለቃዋን አስፈቅዳ ሆቴሉ ሊጥለው የነበረ ወፍራም የአልጋ ልብስ አመጣች። ከፍሪጅ ካርቶን ፍራሽ ቆረጠች፤ ትራሱን ከልጅቷ ጭንቅላት ኋላ ሰፋች፤ አንሶላውን አገጯ ሥር ልክ እንደ ሆቴል አጠፈችው። ሲለካ ግን አልጋው በበር አላልፍ አለ። ሳትበሳጭ ፈታችውና ካርቶኑን መሐል ለመሐል ሰንጥቃ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ አደረገችው።

ቀኑ ሲደርስ በረዶው ጣለ። ፍቅረየሱስ ሥራ ላይ ነው፤ አልጋው ደግሞ ታጥፎም በእነሱ መኪና አልገባም። እኔ ሰው ከኤርፖርት የማመላልስበት ቫን ስላለኝ እናትና ልጅን ይዤ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ጃኬት ደርበዋል። የቢራቢሮው ክንፍ ተጨፍልቋል፣ ልዕልቶቹ ከጉልበት በታች ብቻ ነው የሚታዩት። ሲና ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ የተኛች መስላ በዝግታ ስትራመድ ወላጆቹ በሳቅ ፈረሱ። በሁለተኛው ዙር ብርድ የጠናባቸው አራት ልጆች እጃቸውን ብርድ ልብሷ ውስጥ ከተው አብረዋት ይዞሩ ነበር።

አስተማሪዋ ወደ እኛ መጥታ ማን እንደሠራው ጠየቀች። ላስተረጉም አፌን ሳሟሽ ጤናዬ ቀደመችኝ። «አይ ሜድ ኢት»፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያም ካርቶኑን እያጠፈች እየዘረጋች፣ ቃል ሲጠፋት በእጇ እያሳየች አሠራሩን አስረዳቻት። እኔ አላስፈለግኩም።

ከዚያ ወዲህ የወላጆች ስብሰባ የምትሄደው እሷ ናት። ጥቅምት በመጣ ቁጥርም የሕንፃው ልጆች ልብስ እንድትሰፋላቸው በሯን ያንኳኳሉ። በአንዱም ሐሳብ ስቃ አታውቅም። ባለፈው ዓመት የታችኛው ፎቅ ልጅ ጽጌ መጥታ፣ «ነፋስ መሆን እፈልጋለሁ» አለቻት። እኔ ሳቄን ስታገል ጤናዬ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«የጠዋት ነፋስ ነው የማታ?» አለቻት።