ስልክ የማታነሳዋ ገዢ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። በሕይወቴ ብዙ ዕቃ ገዝቼ ሸጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ውስጤ የቀረ ግብይት ግን የለም። ዛሬም ሰው ዋጋ ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ መልስ የጎረቤት ልብስ እየሰፋሁ ደመወዜን ልደጉም ብዬ የእግር ስፌት መኪና ገዝቼ ነበር። ጥቂት እንደሠራሁበት ወገቤን አመመኝ። ሐኪሙ ዲስክ ነው አለና ፔዳል መርገጥ ከለከለኝ። መኪናው ጨርቅ ለብሶ የሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ባየሁት ቁጥር ስለሚከፋኝ ፎቶ አንስቼ፣ የከተማችን ሰው ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፍኩት። ዋጋውን አሥራ ስምንት ሺህ ብር አልኩ።

በስልክ ዕቃ የሸጠ ሰው ያውቀዋል። አንዱ «አለ?» ይላል፤ «አለ» ሲሉት ይጠፋል። ሌላው ገና ዕቃውን ሳያይ «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ይላል። አንዱማ መኪናውን ትቶ የእኔን ፎቶ ጠየቀኝ። ከዚህ ሁሉ መሀል የምር ገዢ የምትመስል አንዲት ብቻ ነበረች። ስሟ ሀብታም ይላል። እኛ አገር የተለመደ የሴት ስም ነው።

አጻጻፏ ግን አናደደኝ። ሰላምታ የለ፣ እባክሽ የለ። የመጀመሪያ መልእክቷ «መኪና ስንት መጨረሻ» የሚል ነበር። አሥራ ስምንት አልኳት።

«ውድ። አሥራ ሦስት» አለች።

«የኔ እህት፣ ሰው ሲገበያይ መጀመሪያ ሰላም ይባባላል» ብዬ ጻፍኩላት።

«ሰላም። አሥራ ሦስት» ብላ መለሰችልኝ።

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። በጽሑፍ ከምንነታረክ በቃል እንጨርሰው ብዬ ደወልኩላት። ዘጋችብኝ። ደግሜ ብደውል አሁንም ዘጋችው። «አትደውዪ። ጻፊ» የሚል መልእክት መጣ። ድምፄን ቀድቼ ብልክላት «ድምፅ አይሆንም። ጻፊ» አለች። ከዚያ ከሥር አንሺው፣ ከጎን አንሺው፣ ቀበቶውን አሳዪኝ እያለች በፎቶ ታዘኝ ጀመር። እኔም እልህ ይዞኝ ሁሉንም ላክሁላት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንጓተት ሰንብተን እኔ አሥራ ሰባት ላይ ቆምኩ፤ እሷ ከአሥራ ሦስት ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ «ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ቤት የት» ብላ ጻፈች።

ይህን ለጋሽ ደምስ ነገርኩት። ጋሽ ደምስ ግቢ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው፤ በፖሊስነት አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል።

«ድምፁን የሚደብቅ ሰው ሌላም የሚደብቀው ነገር አለው» አለኝ። «በሴት ስም የሚጽፍ ወንድ ነው የሚሆነው። ቤቱን ሊሰልል ነው እንጂ፣ የስፌት መኪና ከሥሩ ማየት ምን ያደርግለታል? ብቻሽን እንዳታስገቢ።»

እኔም ፈራሁ። ባለቤቴ ለሥራ ባሕር ዳር ነው የሚሰነብተው፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ጧት ጋሽ ደምስ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ አጠገብ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ።

ረፋድ ላይ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። የወረዱት ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊትና አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ናቸው። ወጣቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ የላክሁላትን የመኪናውን ፎቶ አሳየችን። ሀብታም ማለት እሷ ናት።

ጋሽ ደምስ ከወንበሩ ሳይነሳ «አንቺ! ሲደወልልሽ ስልክ የማታነሺው ለምንድን ነው?» አለ፣ በዚያ በፖሊስ ድምፁ።

ልጅቷ አፉን አፉን አየችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ጌታው፣ አይቆጡ» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ አትሰማም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። መናገርም አትችልም። መጻፉን ግን ተምራለች።»

ጋሽ ደምስ ብድግ ብሎ ዱላውን ከበሩ ኋላ አቆመውና ወንበሩን ለአሮጊቷ አቀረበላቸው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የላክሁላት ድምፅ፣ የደወልኩት ስልክ፣ ስለ ሰላምታ ያስተማርኳት ትምህርት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

አስገባኋቸው። እናትየው እማማ ይታይሽ ይባላሉ። ከእኛ ብዙም ከማትርቀው ከአማኑኤል ከተማ ነው የመጡት። ሀብታም ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ቁራጭ ጨርቅ መርፌው ሥር አስገብታ፣ አንድ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መርገጥ ጀመረች። እኛ በጆሯችን የምንሰማውን እሷ በመዳፏ እየሰማችው ነበር። ፊቷ ፈካ። ወዲያው ግን ገዢ መሆኗ ትዝ ያላት ይመስል መልሳ ኮስተር አለች።

እሷ ስትሰፋ እማማ ይታይሽ አጫወቱኝ። ልጃቸው አማኑኤል ውስጥ በሰው መኪና ነው የምትሰፋው። ከምትሠራው ግማሹን የሚወስደው ባለ መኪናው ነው። አሁን አንዲት በረንዳ ተከራይታለች፤ የቀራት የራሷ መኪና ብቻ ነው።

«ሰው ሁሉ ስፌቷን ይወድላታል» አሉኝ። «ሲከፍላት ግን አትሰማም እያለ ያታልላታል።»

ከዚህ በኋላ መቋቋም አቃተኝ። ስልኬን አወጣሁና «አሥራ ሦስት ይሁንልሽ፣ ውሰጂው» ብዬ ጻፍኩ። ለእናትየውም ነገርኳቸው።

እማማ ይታይሽ እልል ማለት ብቻ ቀራቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ! ልጅ ይውጣልሽ! ወገብሽን ይማርልሽ!» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሀብታም መልእክቱን ያነበበችው ያኔ ነው። እናቷን በክንዳቸው ይዛ ቀና አደረገቻቸው። ከዚያ ለእኔ ጻፈች።

«ትናንት አሥራ ሰባት። ዛሬ አሥራ ሦስት። መኪና ተበላሸ?»

«አልተበላሸም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን?»

መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። ሳልልክላት ራሷ ጨመረችበት።

«ስለማልሰማ?»

አንብቤ ቀና ስል ጨርቋን ከመርፌው ሥር ስባ አውጥታ እያጠፈችው ነው። እናትየው በእጃቸው እየተማፀኗት ለእኔ በቃል ይናገራሉ። «ተይ በያት! ነገር ታበዛለች። ጥሩ ሰው ስታገኝ ምን ሁኚ ትላለች? ኧረ ልጄ፣ አንቺ አትቀየሚን!» ሀብታም ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እንባ አላየሁባትም። ያየሁት ድካም ነው፤ ያንን ነገር ያን ቀን ብቻ እንዳላየችው ገባኝ።

ወገቤን ይዤ እስከ ውጭው በር ተከተልኳት። ልጠራት አልችልም። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ባጃጁ አሁንም ቆሞ ነበር። መኪናውን አላሰብኩትም። ያሰብኩት እንዲህ ሆና ከቤቴ መውጣቷን ነው። ያኔ ሌላ ሰው ቢሆን ምን እለው ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁና ጻፍኩ።

«አሥራ ሰባት። ከዚህ በታች አልሸጥም።»

ስልኩ እጇ ላይ ነዘራት። ቆማ አነበበችው። ዞራ አየችኝ፤ እየቀለድኩባት እንዳልሆነ ከፊቴ የምታነብ ይመስል ነበር። ከዚያ ጻፈች።

«ውድ። አሥራ ሦስት ተኩል። ቀበቶው ያረጀ።»

«ቀበቶው ጤነኛ ነው። አሥራ ስድስት ተኩል።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ተመልሳ ገብታ፣ እጄን ይዛ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያለውን ጭረት በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ መሳቢያውን ከፍቼ ንጹሕ መሆኑን አሳየኋት። አፍንጫዋን ነፋች። እኔም እጄን አጣመርኩ። ጋሽ ደምስና እማማ ይታይሽ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ፤ ስልክ ከመነካካት በስተቀር በቤቱ ውስጥ ኮሽታ የለም።

ጋሽ ደምስ አላስችል ሲለው «ስንት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«አሥራ አምስት ብላለች።»

«እንዳትለቂ!» አለኝ፤ ለማን እንደሚያግዝ የጠፋው ይመስላል።

አሥራ አምስት ተኩል ላይ ተስማማን። ሀብታም መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ መታሁላት። አልቀረልኝም፣ ወዲያው ምራቂ ጠየቀች። መቀሴን ነበር የፈለገችው። እሱን አልሰጥም አልኳት፤ ክርና የክር ማጠንጠኛ ያለበትን ሣጥን ጨመርኩላት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ያየሁት።

መኪናውን ጋሽ ደምስና ባለ ባጃጁ ተሸክመው ሲጭኑ እማማ ይታይሽ አጠገቤ ቆሙ።

«ሰው ሲያዝንላት እኔ እያመሰገንኩ ነው ያሳደግኋት» አሉኝ። «እሷ ግን ቤት ስንገባ ታኮርፈኛለች። እንጀራ አልበላም ትላለች። ምን ሆና ነው እል ነበር።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳፈሩ።

ያን ቀን ዋጋ ስቀንስ ክፉ አላሰብኩም፤ ዛሬም ክፉ አሰብኩ አልልም። አዝኜላት ነው። ለልጅቷ ግን ያ አዘኔታ አታላይ ደንበኞቿ ከሚያደርጉባት የማይሻል ነገር ሆኖባት ነበር። እነሱም እኔም እኩል ተከራካሪ አድርገን አላየናትም። በሩ ላይ ባልደርስባት ኖሮ፣ እኔ «ደግነቴን የናቀች ኩሩ ልጅ» እያልኩ ሳወራባት እኖር ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ይጨንቀኛል።

ደስታዬ ግን ይበልጣል። ባዶው ጥግ ላይ ዓይኔ ባረፈ ቁጥር እንደ ድሮው አይከፋኝም፤ አፍንጫዋን ነፍታ የተከራከረችኝ ትታየኝና ብቻዬን እስቃለሁ።