ፊታውራሪና ሰፊው ቸርኬ

በጃንሆይ ዘመን የአንድ ፊታውራሪ ሹፌር ነበርኩ። ጌታዬ ከኋላ ሲሳፈሩ የመኪናው የፊት መብራት ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ውፍረታቸው እንዲያ ነበር። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ጥቁሯ የጀርመን መኪናቸው ከሙሽራው አባት መኪና ሰፋ ብላ እንድትታይ ፈለጉና የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወሰድኳቸው።

ጎማ የሚገጠምበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ የሚሸጡት ሐጂ ሁለት ዓይነት አቀረቡ። ጠባቡ ከጎማው በላይ ባለው የጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው፣ ሥር ልክክ ይላል፤ ሰፊው እንደ ሱቅ በረንዳ ወደ ውጭ ይወጣል።

«ሰፊውን!» አሉ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ ሰው ሲጫንበት ፓራፋንጎው ጎማውን ይበላዋል» አሉ ሐጂ።

«እሰረው ብያለሁ!»

ታሰረ። መኪናዋ ደረቷን ነፍታ ስትቆም ከሰባተኛ ሰፈር ድረስ ሰው ሊያያት መጣ። ፊታውራሪ ገና ሲቀመጡ ግን ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ተኛና መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። ወረዱ፤ ተላቀቀ። ተቀመጡ፤ ተጣበቀ።

«ጌታዬ፣ ጠባቡ ይሻላል» አልኩ።

«ዝም በል! በልጄ ሠርግ ያ የሙሽራው አባት ይሳቅብኝ?»

ሐጂ ፂማቸውን እያሻሹ «እንግዲህ ወይ ቸርኬው፣ ወይ እርስዎ» አሉ።

ፊታውራሪ ብዙ አሰቡ።

እሁድ ዕለት ባዶዋን መኪና ቀስ አድርጌ እየነዳሁ ለሠርጉ የሙሽራው አባት ቤት ደረስኩ፤ ጌታዬም ካባቸውን ደርበው ከኋላዬ በጋሪ።