መጀመሪያ ጋሻ ወይስ ወርዋሪ?

የሃርሞን ፎልስ ሰው በምንም ነገር አይስማማም። በአንድ ነገር ግን ልቡ አንድ ነው፤ ኤርኒ ሶብኮ እንቅልፋም ነው።

ኤርኒ ሠላሳ አንድ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቷል። በረዶ በጣለ ቁጥር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳና፣ ከተማው ተጠቅልሎ ሲያንኮራፋ መንገዱን ይከፍትለታል። ጠዋት ያው ከተማ ባማረ መንገድ እየነዳ መጥቶ ነዳጅ ማደያው ላይ ሲያገኘው፣ "እንቅልፋሙ! እንዴት አደርክ?" ይለዋል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢያገኘውም "እንዴት አደርክ" ነው። ቀልድ መሆኑ ነው እንግዲህ። አርባ ዓመት ሙሉ ያችው አንዲት ቀልድ! አይሰለቻቸውም፣ ጎበዞች ናቸው።

ስሙ የወጣለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነው። ያኔ ኤርኒ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ጋሻ ነበር። ጋሻ ማለት ኳስ የማይነካ፣ ስሙ የማይጠራ፣ ወርዋሪውን ሊያደቁ የሚመጡትን በደረቱ የሚመልስ ወፍራም ልጅ ነው። ወርዋሪው ደግሞ ክሬግ ሃሎራን ነበር፤ ኳሱን በእጁ እንደ እርግብ የሚያበር፣ ትልቅ ኮሌጅ በነፃ ላስተምርህ ብሎ ቃል የገባለት፣ ጸጉሩን ለማስተካከል ብቻ ጨዋታ የሚያስቆም ልጅ። በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ክሬግ ልጆቹን ክብ ሠርተው እንዲሰበሰቡ አደረገና "በሦስት!" አላቸው። ሦስተኛዋን "ሃት!" ሲጮህ ኳሱ ይነሳል፣ ሁሉም ያኔ ይንቀሳቀሳል ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት ንቅንቅ ያለ ቡድኑን ያስቀጣል።

ኤርኒ አጎንብሶ ጠበቀ። "ሃት!" አንድ። "ሃት!" ሁለት፤ ኳሱ ተነሳ። ኤርኒ ሦስተኛዋን እየጠበቀ ባለበት ደርቆ ቀረ። ፊት ለፊቱ የነበረው ልጅ አልፎት ሮጠና ክሬግን ከጀርባው ጣለው። ጉልበቱ ቀው ሲል ከመቀመጫችን ሰማነው። ጨዋታውን ተሸነፍን፤ ኮሌጁም ቃሉን ወዲያው ረሳ።

ክሬግ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ "በሁለት ነበር ያልኩት፣ ይሄ ደደብ ተኝቶ ነው" አለ። የቀሩት ልጆችም "አዎ፣ በሁለት ነበር" አሉ። እነሱም ዘግይተው ነው የተነሱት፤ ግን ከእንቅልፋሙ ጎን ቆሞ ማን ስሙን ያበላሻል? "በሦስት ነው ያለው" እያለ የቀረው ኤርኒ ብቻ ነው። ሚስቱ ዳርሊን ይቺን ታሪክ ከሠርጋቸው ዕለት ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። "አምንሃለሁ የኔ ጌታ፣ አምንሃለሁ" ትለውና ሾርባውን ታቀርብለታለች።

ክሬግማ ምን ጎደለበት! ጉልበቱ ባይሰበር ኖሮ ኮሌጅ ገብቶ፣ ከእሱ የሚሻሉ መቶ ልጆች አይቶ፣ አፍሮ ይመለስ ነበር። ጉልበቱ ስለተሰበረ ግን "ሊሆን ይችል የነበረው ሰው" ሆኖ ቀረ። የመኪና መሸጫ ከፈተ፣ ክራንች ይዞ የተነሳውን ፎቶ በሩ ላይ ሰቀለ። ሰው እንባ እየተናነቀው ገብቶ ያገለገለ መኪና በአዲስ ዋጋ ይገዛል። በዝናብ ቀን ትንሽ ያነክሳል፤ ገዢ ሲመጣ ደግሞ በፀሐይም ያነክሳል።

አሁን ወደ ድራፍቱ ልምጣ። ድራፍት ስል ጃምቦው ትዝ ካለህ፣ እሱም አለ፤ በስሎቫኮች ማኅበር አዳራሽ ቪክ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ይቀዳል፣ ያንን ያለ ክርክር ነው የምንጠጣው። የሚያጣላን ሌላኛው ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የአገሪቱ ትልልቅ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት አብዝቶ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። መቼም የእኛ ቡድን ወረፋ ጠብቆ አያውቅም፣ ሁሌ ከፊት ነው። እና በየዓመቱ አዳራሹ ሞልቶ፣ ፒየሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላ ሊጥ እየበረደ፣ ድምፃችን እስኪዘጋ "መጀመሪያ ማን ይመረጥ?" እያልን እንጮሃለን። ቡድኑ የእኛን ምክር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስል!

አዳራሹ በሙሉ "ወርዋሪ!" ይላል። ኤርኒ ብቻውን "ጋሻ" ይላል። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ አንድ ለሰባ። ቡድኑ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ወርዋሪ በመጀመሪያ መርጧል። የአንዱ ትከሻ ወለቀ፣ የአንዱ ክርን ተሰነጠቀ፣ ሦስቱ ጉልበታቸውን ይዘው ወጡ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይሆን ገና በጊዜ ጥሎ ጠፋ፤ እሱ ነው ብልጡ። "ከፊቱ የሚቆምለት ሰው ሳታመጡ ልጁን አምጥታችሁ ታስደቁታላችሁ!" ይላል ኤርኒ። "እንቅልፋሙ ተነሳ እንዴ?" ይሉታል። ሳቅ። ሌላ ጃምቦ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። ትምህርት ቤቱ ሜዳውን በክሬግ ስም ሊሰይም ወስኖ፣ ቅዳሜ መግቢያው ላይ የነሐስ ሰሌዳ ሊተከል ሆነ። ክሬግ ጽሑፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሁሉ ያሳያል፤ "ከጀርባው የሚጠብቀው አጥቶ የወደቀ ጀግና" ይላል። የጠባቂው ስም አልተጻፈም፣ ጨዋነታቸው ነው። ስሙንማ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ኤርኒ ያንን ፎቶ ካየ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልበላም። ቀልድ ይረሳል፣ ነሐስ ግን አይረሳም። የልጅ ልጁ ኳስ ልትጫወት በዚያ በር ልታልፍ ነው።

"ሐሙስ፣ በድራፍቱ ምሽት፣ በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ" አላት ዳርሊንን። "ስንት እንዳለ በአፉ ይናገር፣ ከዚያ ሰሌዳውን ግንባሬ ላይ ይትከሉት።"

"አንተ ሰውዬ፣ በስድሳ ዓመትህ ልትደባደብ ነው?"

"በሦስት ነው ያለው፣ ዳርሊን።"

"አምንሃለሁ አልኩህ እኮ! ጃኬትህን ልበስ።"

ሐሙስ አመሻሽ አዳራሹ ጢም አለ። ቪክ የዘንድሮው ክርክር ሥርዓት ይኑረው ብሎ ቴሌቪዥኑ ሥር ሁለት ወንበር አስቀመጠ፤ ለወርዋሪ ክሬግ፣ ለጋሻ ኤርኒ። ዳርሊን አንድ ሳህን ፒየሮጊ ይዛ ከፊት ጠረጴዛ፣ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች። ቡድናችን እንደ ወጉ ከፊት ነው፤ ሦስተኛ ተራ።

"ጀምር ክሬግ" አለ ቪክ። "አጭር አድርጋት፣ መኪና አይደለም የምትሸጥልን።"

ክሬግ እያነከሰ ተነሳ። "ወገኖቼ! ወርዋሪ የቡድን ጭንቅላት ነው። ጋሻ ምንድን ነው? ግድግዳ! ግድግዳ የትም አለ።" ጭብጨባ።

"ግድግዳ በሌለበት ጭንቅላትህን ምን እንደሚያገኘው አንተን ማን ይንገርህ" አለ ኤርኒ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"ኧረ ተው! እኔንማ ያገኘኝን ሁሉም ያውቃል፣ ግድግዳው ተኝቶብኝ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኤርኒ ጆሮው ደም መሰለ፣ ግን ቻለው። "ወርዋሪው ምን የተለየ ነገር ይሠራል? እስቲ ንገረን።"

"ያስባል! እዚያው ሜዳ ላይ፣ በቅጽበት፣ ያስባል!" ክሬግን ጭብጨባው ሞቅ አደረገው። "እኔ በጊዜዬ ቆጠራውን መስመሩ ላይ ስንቴ ቀይሬዋለሁ! ክቡ ውስጥ አንድ ነገር እላለሁ፣ ከዚያ ተጋጣሚውን አይቼ፣ ለኳስ አቀባዩ ሹክ ብዬ እለውጠዋለሁ። እነሱ ሦስት ሲጠብቁ እኔ በሁለት! ጭንቅላት ይሉሃል ይሄ ነው!"

ኤርኒ ቀስ ብሎ ተነሳ። አርባ ዓመት በሆዱ ሲያብላላት የኖረችውን ጥያቄ ክሬግ ራሱ በወርቅ ሳህን አቀረበለት።

"ለጋሾቹስ?" አለው። "ስትቀይር ለጋሾቹ ትነግራቸው ነበር?"

"እ... እንዴታ። ምልክት አለን።"

"በዚያች በመጨረሻዋ ጊዜስ? ምልክቱ ምን ነበር?"

"አቦ አሁን ስለ ድራፍት ነው የምናወራው!"

"ስለ ድራፍት ነው። ክቡ ውስጥ ስንት አልክ፣ ክሬግ?"

በዚህ መሃል ቴሌቪዥኑ ላይ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ወረቀት ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። "ዝም በሉ! ዝም በሉ፣ የእኛ ተራ ነው!" አለ ቪክ። ሰባው ሰው ፊቱን ወደ ላይ ሰቀለ። ኤርኒ ግን ቀና አላለም። አንድ እርምጃ ወደ ክሬግ ተጠጋ። እንደ ጥንቱ ደረቱን ነፍቶ፣ ክሬግ አፍንጫ ሥር ቆመ።

"ስንት አልክ?"

"ሂድ ከዚህ!"

"ስንት አልክ፣ ክሬግ? ከነሐሱ በፊት ንገረኝ።"

"ሦስት!" ብሎ ክሬግ ፈነዳ። "ሦስት ነው ያልኩት! ከዚያ ለአቀባዩ በሁለት አልኩት፣ ለእናንተ መንገሩን ረሳሁት! የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ! ደስ አለህ አሁን?"

በዚያችው ሰከንድ ሰውዬው ወረቀቱን አነበበ። ቡድናችን፣ ይመስገንና፣ መቺ መረጠ።

መቺ! እግር ኳስ በሚባለው በዚህ ጨዋታችን ኳስን በእግሩ የሚመታው ሰው አንድ እሱ ብቻ ነው፤ የሚናቀውም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማልያው ሳይቆሽሽ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና፣ ሲጠሩት ገብቶ አንዴ መትቶ ሦስት ነጥብ ያመጣል። በሦስተኛ ተራ መቺ የመረጠ ቡድን ከእኛ በቀር ያየ ካለ ይንገረኝ። አዳራሹ ተናወጠ። ወንበር ተገለበጠ፣ ጃምቦ ተደፋ። "ለሦስት ነጥብ! ለሦስት ነጥብ ብለው!" እያለ አንዱ ኮፍያውን ይረግጣል። አንዱ በስመአብ ይላል።

ኤርኒ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ሰዉ ዞረ። "ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይ?"

"ሰማን እንጂ!" አለ ቪክ ራሱን ይዞ። "ጉድ እኮ ነው! መቺ!"

"እሱን አይደለም! ክሬግ ያለውን!"

"ክሬግ ምን አለ?"

ክሬግ ዙሪያውን ቃኘ። ማንም እሱን አያይም። ጸጉሩን አስተካከለ፣ ያቺ መኪና የሚሸጥባት ፈገግታው ተመለሰች። "እኔ ምን አልኩ?" አለ፣ ለስለስ ብሎ።

ኤርኒ እዚያው ቢያንቀው ደስ ባለው፤ ግን ማልቀስ አማረው።

"እኔ ሰምቻለሁ" አለች ዳርሊን።

ሹካዋን አስቀምጣ ባሏን ታየዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሦስት ነው ያለው" አለች። "ኤርኒ... እኔ እኮ አላምንህም ነበር።"

"ምን?"

"'አምንሃለሁ' የምልህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ተኝቶ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ልጅ ነበር እያልኩ ነው አብሬህ የኖርኩት። አርባ ዓመት! ይቅር በለኝ።"

የክሬግ ውሸት አርባ ዓመት ያላመመውን ያህል የሚስቱ እውነት በአንድ ቃል አመመው። ቁጭ አለ። "አንቺም?" አለ። ከተማው ሁሉ ቢስቅበት እንኳ አንድ የሚያምነው ሰው ቤቱ እንዳለ አስቦ ነበር በረዶ ሲጠርግ የኖረው።

ዳርሊን፣ ዓምና ዳሌዋ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴትዮ፣ የክሬግን ወንበር ሳበችና ጠረጴዛውን ተደግፋ ላዩ ላይ ወጣች።

"ሦስት!" አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ። "ሦስት ነበር! እናንተ ደንቆሮዎች፣ ሦስት ነበር!"

አዳራሹ ዞረ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተረዳት፤ መቺውን ደግፋ ነው! ሦስት ነጥብ ትላለች!

"ውረጂ!" "ሦስት ነጥብሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ!" "መቺ ትደግፊያለሽ? አታፍሪም?" የተጨማደደ ናፕኪን እንደ በረዶ ይወርድባት ጀመር፤ አንድ ፒየሮጊም አብሮ መጣ። ክሬግም አብሮ "ውረጂ" ይላል፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ዳርሊን አልወረደችም። "ሦስት!" ትላለች፣ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ። "ሦስት! ሦስት!" ወንበሩ ከሥሯ ተንገዳገደ።

ኤርኒ ተነሳ። ሰዉና ሚስቱ መሃል ገባና ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ናፕኪኑ ጀርባው ላይ ያርፋል። ቀና ብሎ አያት።

"ጮክ በይ" አላት። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"