የሰዓዳ ፈረስና የቦያችን ደንብ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሽንኩርት ማሳዬ ዳር ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የውሃ ተራዬን ስጠብቅ፣ የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ላብ በላብ ሆና መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ...

«ጋሼ፣ ፈረሱን ይልቀቁልኝ!»

እኔ ፈረስ የለኝም። ፈረስ ማየት ያማረው ወደ ጣርማ በር ይውጣ፤ እኛ የሸዋ ሮቢት ቆለኞች የምናውቀው ግመል ነው።

ለካ የምትለው የስልኩን ፈረስ ነው። ሰዓዳ ፋርማሲ ሥራዋ ላይ ውላ ስትወጣ ኢንተርኔት ላይ ጌም ትጫወታለች፤ የሠላሳ ሰው ቡድንም አለቃ ናት። በፊት ሰው ሲጎድልባት «ለቁጥር ብቻ ይግቡልኝ» ብላ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እኔም ውሃ ስጠብቅ አምስት ደቂቃ ገብቼ፣ አንድ ሁለቱን በሰይፍ ነካ ነካ አድርጌ እወጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምመታው የራሴን ሰው ነው አሉ።

የዘንድሮው ትልቁ ሽልማት የወርቅ ፈረስ ነበር፤ ለአንድ ቡድን አንድ። የጨዋታው ባለቤቶች ደግሞ «ብዙ የሚጫወት ብቻ ለምን ይሸለማል?» ብለው፣ ስሙ ለተመዘገበ ሁሉ ዕጣ አወጡ። ዕጣው... ለኔ!

ሰዓዳ ለዚያ ፈረስ ሦስት ወር ሙሉ ለፍታለች።

«አንድ የካራቆሬ ባጃጅ ነጂ ‹ሽማግሌው ፈረሱን ለሚገባው ሰው ካልለቀቀ ቡድኑን ትተን እንወጣለን› ብሎ ሌሎቹንም አሳመጸብኝ» አለች። «እስከ ዛሬ ማታ ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል።»

«ለሚገባው ሰው ማለት... ላንቺ?»

«አዎ» አለች አንገቷን ደፍታ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ የቀልድ ነገር ካገኘሁ መች እለቃለሁ! «ዕጣ ዕጣ ነው! አላህ የሰጠኝን ፈረስ ምን በወጣኝ እሰጣለሁ? ወላሂ ስም ሁሉ አውጥቼለታለሁ።»

«ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ሰው ዕጣ ውስጥ ይገባል እንዴ፣ ጋሼ?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። የቦያችን የውሃ አባት እኔ ነኝ፤ የመስኖ ተራ የማወጣው እኔ። ደንባችን ደግሞ፣ ቦይ ሲጠረግ ቀኑን ሙሉ አካፋ ይዞ ያልዋለ ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ውሃ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። በቀደም ጎረቤቴን ሙሄን ግማሽ ቀን ብቻ ስለመጣ መጨረሻ ላይ የወረወርኩት በዚሁ አፌ ነው። ይባስ ብሎ ሙሄ እዚያው አጠገባችን አካፋውን ተደግፎ ይሰማል።

«መልስላታ!» አለኝ።

የታችኛው ማሳ ባለቤት እትዬ ዘሃራም ነገሩን ሰምተው ጠጋ አሉ። «ቆይ እንጂ... ውሃስ ያልቃል፤ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው ይጎድላል። ይሄ ፈረስ ያልቃል? ገለባ አይበላ፣ በረት አይፈልግ! ለሁሉም አይሰጡም?»

«ሁሉም ከያዘውማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል፣ እትዬ?» አለች ሰዓዳ።

«እህ... ለመታየት ነዋ!»

«ለመታየትም ነው። ሦስት ወር ለፍቼ አንድ ሰው እንኳ ‹ይቺ ልጅ ለፍታለች› እንዲለኝ ነው።»

ድምጿ ሰበር ሲል ቀልዴ ሁሉ ጠፋ። ሙሄም ያን ቀን የዘገየው ሚስቱን ሐኪም ቤት አድርሶ ነበር። ታዲያ ትንሽ የሠራ ሰው ስንት ነው የሚገባው? የምር ግራ ገባኝ።

«በቃ፣ ተራዬን ለቅቄያለሁ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የሠላሳው ሰው ስም ተደርድሮ መጣ። በኛ ቦይ፣ ሰው ተራውን ከለቀቀ ውሃው የሚሄደው ወደ ወደደው ሰው አይደለም፤ ከሥሩ ወዳለው ማሳ ነው። ስንት ዓመት የለመደ ጣት... ከስሜ ሥር ያለውን ስም ነካ።

«ጋሼ! ማንን ነው የነኩት?»

«ከሥሬ ያለውን ነዋ!»

ከሥሬ ያለችው ፋጡማ ናት። የኔ እህት፣ የሰዓዳ እናት! እሷንም እንደኔ ለቁጥር ብላ አስገብታት ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታውን ከፍታ አታውቅም። አንዴ የተላለፈ ፈረስ ደግሞ ዳግመኛ አይተላለፍም።

ሰዓዳ ቦዩ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ እግሯን ከነጫማዋ ውሃው ውስጥ ከተተች። ሙሄ ሳቁን እውጣለሁ ሲል ትን አለው። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ልጅቱ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንቱ ጤነኛ አይደሉም» አለች። በንዴቷ መሃል እንኳ አንቱታው አልቀረም።

ባጃጅ ነጂው ግን ቡድኑን አልለቀቀም። «የአለቃችን እናት ከሆኑማ ይጋልቡ» ብሎ ጻፈ። እኔም በማግስቱ ሙሄን ከመጨረሻ ወደ መሃል አመጣሁት። ለግማሽ ቀን፣ ግማሽ መንገድ።

ፋጡማስ? ሰዓዳ ለማሳየት ያህል ከፈተችላት። አየችው... ወጣችበት... ጋለበችው። ትናንት ልጠይቃት ብሄድ ወጡ አርሯል፣ እሷ ስልኩ ላይ አቀርቅራለች። «ቆይ ወንድሜ ሰይዴ፣ ይቺን ምሽግ ልያዝና!» ሰዓዳ ምሳዋን ሳትበላ በሩን ተደግፋ እናቷን ታያለች።

ለማይጫወት ሰው የወርቅ ፈረስ የሚሰጡት ለምን ይሆን እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር... ለካ ፈረሱ የመጣው ፋጡማን አፈናጥጦ ወደ ጨዋታው ሊወስዳት ነው።