ለአቶ ይመር የተመጠነ ዳቦ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ በጠራራው ቢያዩኝ የቀበሌ ጠባቂዎች ይመልሱኝ ነበር። እናቴ በሶዬን በነጠላ ቋጥራ ደጋግማ እያጠበቀች አሰረችልኝ። "አብረን እንሂድ እማ" ብላት፣ "እንድሪስን ለማን ትቼ?" አለችኝ። እንድሪስ ታናሽ ወንድሜ ነው። በዚያ ክፉ ቀን፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ቀብረነዋል።

አሟሟቱን ልንገራችሁ፤ እሱን ሳትሰሙ የቀረው አይገባችሁም። የከተማው ትልቁ እህል ነጋዴ አቶ ይመር ይባል ነበር። አባቴ በሬዎቹን ለሱ በርካሽ ሸጦ በዚያው ዓመት ሞተ። እናቴ መጋዘኑ በር ላይ ተንበርክካ፣ "ጌታዬ፣ ለልጄ አንድ ቁና ገብስ" ስትለው፣ "ባዶ ነው፤ ወላሂ እመኚኝ" አላት። እሱ ይህን ሲል እኔ በበሩ ሥር የፈሰሰ ገብስ እየለቀምሁ ነበር። አየኝና ዘበኛውን ጠርቶ አስጠረገብኝ። እህሉ ዋጋ እስኪያወጣ እየጠበቀ ነው። እንድሪስ መጀመሪያ ከሳ፣ ቀጥሎ እግሩ አበጠ፣ በመጨረሻ ማልቀሱንም ተወ።

አብዮቱ ሲመጣ ሰውየው ይታሰራል ብዬ ጮቤ ረገጥሁ። ገበሬ ማኅበሩ መጋዘኑን ሲሰብር ግን እሱ ጠፍቷል። ቆይቶ መታደኑ ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ፤ እኔም በደሴ፣ በጎንደር አድርጌ በመተማ ሱዳን ገባሁ።

ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግበው ሹም በአስተርጓሚ፣ "ለምን መጣሽ?" አለኝ።

"መጀመሪያ ራበን፣ በኋላ ደግሞ ፈራን።"

"ረሃብ ምክንያት አይሆንም። ፍርሃቱን ብቻ ልጻፈው።"

"ጻፈው። ረሃቡን እኔው እይዘዋለሁ" አልሁት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ካርቱም የኛን የደጋ ሰው እንደ ቅቤ ታቀልጠዋለች። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣቸው ስስ ነው፤ ከሩቅ እንጀራ መስሎኝ የመጀመሪያ ቀን አልቅሼበታለሁ። በአንድ ሆስፒታል ማዕድ ቤት ተቀጥሬ ለበሽተኞች ምግብ አመላልስ ጀመር። ሲስተር አማል የምትባል ነርስ ወደደችኝ። አንድ ቀን ደረቅ ዳቦ አጉርሳኝ፣ "አትዋጪው፤ ዝም ብለሽ አላምጪ" አለችኝ። እያላመጥሁት ቆይቶ ጣፈጠኝ።

"ምራቅሽ ዳቦውን ወደ ስኳር መለወጥ ጀምሮ ነው" አለችኝ። "የቀረውን አንጀትሽ ይጨርሰዋል። ዳቦ ብትበይ፣ ገብስ ብትበይ፣ ድንች ብትበይ መጨረሻው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ መግባት ነው። ሰውነት በሱ ይሠራል፣ በሱ ይሞቃል።"

"ሰው የሚበላው ቢያጣስ?"

"መጀመሪያ ስቡን ይጨርሳል። ከዚያ የገዛ ሥጋውን።"

ለካ እንድሪስ የገዛ ሥጋውን ሲበላ ነበር። ያን ቀን ቂሜ እንደ አዲስ አገረሸ።

ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ አምላክ አመጣልኝ። የወንዶች ክፍል ውስጥ፣ እግሩ ቆስሎ ተጠቅልሎ፣ አቶ ይመር ተኝቶ አገኘሁት! እሱ አላወቀኝም። ሱከሪ ይዞታል፤ እኛ የስኳር በሽታ የምንለው ነው። "ደሙ በስኳር ተሞልቷል፤ ሰውነቱ ግን ሊጠቀምበት ስላልቻለ ይራባል" አለችኝ ሲስተር አማል። ዳቦው በሐኪም ተመጥኖለታል።

"የአገሬ ልጅ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ፤ ራበኝ" አለኝ።

የትኩስ ዳቦ ሽታ ከማዕድ ቤቱ እየመጣ ነው። "ባዶ ነው አባቴ፤ ወላሂ ይመኑኝ" አልሁት።

አንድ ጠዋት መርፌውን ተወግቶ ቁርሱን ሳይበላ ቆየ። ስደርስ ላቡ ተንቆርቁሮ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌው ስኳሩን ከልክ በላይ አውርዶበታል። ሲስተር አማልን ጮኼ ጠራሁና እሷ እስክትደርስ ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ ሞት ያሳርፈዋል። ነፍሱ መለስ ሲልለት አንቱታውን ተውሁና፣ "በመጋዘንህ በር ገብስ ስትለቅም ያስጠረግህባትን ልጅ ታስታውሳታለህ?" አልሁት።

ፊቴን አተኩሮ አየው። "አፉ በይኝ" አለ።

"አፉ አልልህም።"

ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ባቀረብሁለት ቁጥር ስለ እንድሪስ እነግረዋለሁ፤ እግሩ እንዴት እንዳበጠ፣ ድምፁ እንዴት እንደጠፋ። ጆሮውን ይሸፍናል፤ ሲርበው ግን ለመጉረስ እጁን ያወርዳል፤ ያኔ እቀጥላለሁ። ሲስተር አማል፣ "ምንድን ነው የምታወሩት?" ስትለኝ፣ "ስለ አገር ነው" እላታለሁ።

ትናንት እናቴን ደሴ ቴሌ ድረስ አስጠርቼ በስልክ አነጋገርኋት።

"እማ፣ ይመር እዚህ ነው። ስኳር ይዞታል፤ ዳቦ ከበዛበት ይገድለዋል። የሚበላው ከእኔ እጅ ነው" አልኋት።



"ይርበዋል?" አለች።

"በጣም ይርበዋል።"

"እንግዲያው ጨምሪለት" አለች እናቴ።

አዝናለት ይሁን እንዲሞትልን፣ ልጠይቃት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ አስደወልሁ፤ የሚያነሳ የለም። ነገም ቁርሱን የማደርስለት እኔ ነኝ።