እናቴ የወቀረችው ድንጋይ

እናቴ ግቢያችን ውስጥ አድልጧት ከወደቀች በኋላ ከደጃፉ አልፌ አልወጣም አለች። ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎ ሸኝቷታል፤ እግሯም ከዳነ ቆይቷል። እሷ ግን ፈራች። ቂርያት ማላኪ ከተማ የነበረን ቤት ከፎቁ ሥር ያለው ነው፤ ወደ መንገድ የሚያወጣን ያ በድንጋይ የተነጠፈ ግቢ ብቻ ነበር። ሌላ ከተማ፣ ገዴራ ያለችው ታላቅ እህቷ ደግሞ ታማ ተኝታለች። በየቀኑ ትደውላለች፤ እናቴም “ሲሻለኝ እመጣለሁ” ትላታለች። አንድ ቀን ይህን ስሰማ፣ ያዳለጣትን ሻጋታ ከግቢው ድንጋይ ላይ ላጸዳላት ቆረጥሁ።

እኔ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። ኡልፓን የሚሉትን የዕብራይስጥ ትምህርት ጨርሼ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ የገባሁበት ዓመት ነው። ከሥራ ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር መፈግፈጊያ ብሩሽ ይዤ ግቢው ላይ ተንበረከክሁ።

ባሌ ከደጃፉ ሆኖ አየኝና፣ “በጦን አፍስሰንበት እንገላገል፣ ያላ!” አለኝ።

“ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ማን ሊጠግነው? አንተ?” አልኩትና መፈግፈጌን ቀጠልሁ።

በድንጋዮቹ መሀል የበቀለውን አረም በቢላዋ ነቀልሁ። የሰመጡትን ፈንቅዬ ከሥራቸው አሸዋ ሞላሁ። አረንጓዴውን ሻጋታ እጄ እስኪላጥ ፈተግሁት። ከሳምንታት በኋላ ድንጋዩ ነጥቶ ሲያብረቀርቅ ደስታዬን አልቻልኩትም። እናቴን ጠርቼ ደጃፉ ላይ አቆምኋትና የመጨረሻውን ውኃ አፈሰስሁበት። ልክ በዚያ ሰዓት ባሌ በላስቲክ ጫማው ገባ። ተንሸራተተ፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ ያዘ፤ ገመዱም ልብሱም እሱም አብረው ወረዱ።

“አየሽ?” አለችኝ እናቴ።

ሻጋታው ሲለቅ ከሥሩ የወጣው ድንጋይ በዘመን ብዛት የለሰለሰ ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከንዴቴ ብዛት ነው።

እናቴ ተመልሳ የገባች መስሎኝ ነበር። ለካ ቆማ ታየኛለች።

“ምን ያስለቅስሻል? ለስልሷል እንጂ ሌላ ምን ሆነ? የለሰለሰ ወፍጮ ምን ይደረጋል?”

“ይወቀራል” አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

ጎንደር ሳለን የእጅ ወፍጮዋ ለስልሶ እህሉን አልፈጭ ሲላት፣ ፊቱን በጠንካራ ድንጋይ እየመታች ታሻክረው ነበር። አሁንም የባሌን መዶሻና መሮ አስመጣችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ፍንጣሪው ዓይኗን እንዳይጎዳው የፋብሪካ መነጽሬን አደረግሁላት። ቅርቧ ያለውን ድንጋይ ወቀረችው። በማግስቱ በወቀረችው ላይ ተቀምጣ ቀጣዩን ያዘች።

ድምፁ ያሰለቻት የፎቅ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ በዕብራይስጥ ጮኸችባት። እናቴ ቀና ብላ፣ “ቤሰደር፣ ቤሰደር” አለቻትና መምታቷን ቀጠለች። “እሺ” ማለት ነው፤ የምታውቀው ዕብራይስጥ እሱን ብቻ ነበር።

እኔ እንድትወጣ አልለመንኳትም። ባሌንም ዝም በል አልኩት። እሷ በድንጋይ በድንጋይ እየራቀች ሄደች፤ ትንሽ ስትቆይ ከማድ ቤት ሆኜ ጀርባዋን ብቻ ማየት ጀመርሁ።

የመጨረሻው ድንጋይ የውጭው በር ሥር ያለው ነው። እሱን ወቅራ እንደጨረሰች ባልዲ ውኃ አስመጣችና ደፋችበት። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ረገጠችው። ደግማ ጠንከር አድርጋ ረገጠችው። ከዚያ የብረቱን በር ይዛ ወደ መንገዱ አየችና መነጽሬን መለሰችልኝ።

“ነጠላዬን አምጪልኝ” አለች። “እህቴ ከደወለች ስልኩን እንዳታነሱት። ዛሬስ በዓይኗ ትየኝ።”