ያልተፈታው ቋጠሮ

የዚያ ዓመት የኅዳር ውርጭ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያነጋል፤ በጀሪካን ያደረ ውሃ ካልሰበሩት አይቀዳም። እሱባለው በካርቶን ፋብሪካው በር ላይ በርኖሱን ተከናንቦ፣ እጁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ይቆማል። ያቺ የኅዳር ፀሐይ! ሙቀቷ ጥቂት፣ ደስታዋ ግን ብዙ ነበር።

እሱባለው የአንኮበር ልጅ ነው። በልጅነቱ የአጎቱን ንብ ጠብቋል፤ ሲጎረምስ ለወረዳው ቡድን በረኛ ሆኖ ተሰልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው በር ላይ ነው። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን በሌላ ነው። ከአንኮበር በኩል የሚመጡ ገበያተኞች ጃንጥላቸውንም፣ ያልተሸጠ ሽንኩርታቸውንም እሱ ዘንድ አስቀምጠው ከተማ ይገባሉ። "አባቴ፣ አደራ!" ይሉታል። "እናቴ፣ በደህና ይመለሱ ብቻ" ይላል። በቃ። ስም መጠየቅ እንደ መጠራጠር ነበርና ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በዚያ ሰሞን አዲስ አስተዳዳሪ መጣ፤ አቶ ቃለ አብ ይባላል፣ ወጣት ነው። ለሠራተኛው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአንገት ካርድ አሠራ። እሱባለው የራሱን ይዞ ወደ ጸሐፊዋ ሄደ።

"ሜሮኔ፣ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ?"

"ኪፐር ይላል ጋሼ። ጠባቂ ማለት ነው።"

"ይኸው ብቻ?"

"ኧረ ብዙ ነው! ኳስ ላይ በረኛውንም ይሉታል፣ ንብ የሚያረባውንም፣ ዕቃ ቤት የያዘውንም።"

"እንግዲያ የሕይወት ታሪኬን ነዋ አንገቴ ላይ ያንጠለጠላችሁት!"

"የገባብዎትን ጎልም እንጻፍበት?"

"እሱን ተይው፣ ቦታ አይበቃም።" ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሰው ዕቃ በአደራ ለሚያስቀምጥስ ይሆናል?" አላት።

"እሱንም ይላል ጋሼ።"

ካርዱን ደረቱ ላይ አስተካክሎ ወጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ መጣ። የፋብሪካው ያልሆነ ዕቃ ሁሉ እስከ ዓርብ ከጥበቃ ቤቱ ይውጣ ተባለ። ገበያተኛው እየመጣ የየራሱን ወሰደ። አንድ ብቻ ቀረ፤ በባና፣ በዚያ በበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቋጠሮ። ለመስቀል ዋዜማ አንዲት ሴት "ሐኪም ቤት ሰው ልጠይቅ" ብላ አስቀምጣው ሄዳ አልተመለሰችም።

"ፍታውና እይ፤ ስም ይኖረው ይሆናል" አለው አቶ ቃለ አብ።

"ባለቤቷ የቋጠረችውን እኔ አልፈታም ጌታዬ። አንድ ቀን ይፍቀዱልኝና ፈልጌ ላድርስላት።"

"ምትክ የለኝም። ወይ ትጥለዋለህ፣ ወይ ካርዱን ታስረክባለህ።"

ልጁ የሚሆን ሰው እንዲያ ሲለው እሱባለው ካርዱን ከአንገቱ አውጥቶ ሜሮን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

"ጋሼ! ለአንድ ቋጠሮ ብለው?"

"ለሴትዮዋ ነው እንጂ።"

ቋጠሮውን ተሸክሞ ወደ አንኮበር መኪናዎች ወረደ። የባናውን ቀይ ጠርዝ ለተሳፋሪው ሁሉ አሳየ። ሰርካለም የምትባል የበግ ፀጉር ነጋዴ ጠርዙን ዳሰሰችና፣ "ይሄን የሚሠራ ሸማኔ ቁንዲ ተራራ ግርጌ ነው ያለው፤ እሱን ይጠይቁ" አለችው። ሸማኔውም ሥራውን ገና ከሩቅ ለየውና የሴትዮዋን ቤት አሳየው።

ሴትዮዋ እግሯ በቀርከሃ ታስሮ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። "አባቴ! የት ጠፍተው ነው?" አለችው።

"እኔማ በሩ ላይ ነበርኩ፤ የጠፉትስ እርስዎ!"

ለካ ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ ደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ ዘመዶቿ በቀጥታ ወደ አገሯ ወስደዋት ኖሯል። ወንድሟን ብትልክ፣ "የየትኛው ፋብሪካ? ስሙስ ማነው?" እያሉት ከበር በር ተባሮ ተመለሰ።

ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። ሁለት ዓመት የፈተለችው የበግ ፀጉር ድር ነው፤ በጥር ለምትዳረው ልጇ የባና መሥሪያ። ልቃቂቱን አንድ በአንድ ዳበሰችው። "እንደገና ልፈትል ብል ጥር መቼ ይጠብቀኝ ነበር!" አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"ለመሆኑ ስምዎ ማነው?"

"እሱባለው። የእርስዎስ?"

"አልታየች።"

"እውነትም! ሁለት ወር ሙሉ አልታዩም!"

ፋብሪካው በማግስቱ ሌላ ሰው በሩ ላይ አቆመ። በጥር እሱባለው ሠርጉ ላይ ተጠርቶ በላ፤ ሙሽራዋ አዲሱን ባና ለብሳ ስትወጣም አየ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ባለፈው ሐምሌ ነው። አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ከተማ በመናኸሪያው በር ጥበቃ ሆኖ ይሠራ ነበር።